የ10 ሰዓቱ ሚልፎይ

ከቢሮአችን ፊት ለፊት ኬክ ቤት አለ። አስፋልቱን ተሻግሮ ለመድረስ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ለስድስት ዓመት ያህል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲቃረብ እግሬ ራሱ ይነሳ ነበር። አንድ ማኪያቶ፣ አንድ ሚልፎይ። አስተናጋጇ ገና ከበሩ ስታየኝ «እንደተለመደው?» ትለኛለች። «እንደተለመደው» እላታለሁ።

ሚልፎዩ ሲመጣ ከላይ የተነሰነሰው ስኳር ጣቴ ላይ ይቀራል። በሹካ ስጫነው ይፈረካከሳል፤ ክሬሙ በጎን ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉርሻዎች ጣዕማቸው አሁንም አፌ ላይ አለ። ትከሻዬ ረገብ ይላል። ቀኑ ራሱ የቀለለኝ ይመስለኛል። ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ያለውን ግን ብጠየቅ አላውቀውም። ስልኬን እየነካካሁ ነው የምጨርሰው። ሳህኑ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ሲቀር ነው እንዳለቀ የማየው።

ስለ ጣፋጭ አምሮት ልጽፍ ሳስብ መጀመሪያ የታየኝ ያ ሳህን ነው። ስለ ክብደት አልጽፍም። እኛ አገር «ተመችቶሻል» የሚል ሰው ሲያመሰግን ይሁን ሲታዘብ አይታወቅም፤ በዚያ ላይ ብዙ ተብሏል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አንድን ነገር ሳልፈልገው መብላቴ ነው። እጄና አፌ ያለ እኔ ፈቃድ የሚሠሩበት ሰዓት በቀኔ ውስጥ መኖሩ ነው።

ነገሩን በቁም ነገር እንዳየው ያደረገኝ ደግሞ የእናቴ ክትትል ነው። እማዬ ስኳር አለባት። አንድ ቀን ጠዋት ለምርመራ ይዣት ስሄድ ነርሷ ወደ እኔ ዞር አለችና «አንቺስ ተለክተሽ ታውቂያለሽ? እናትሽ ካለባት አንቺም መለካት አለብሽ» አለችኝ። ቁርስ አልቀመስኩም ነበር። ተለካሁ። 112 ሆነ።

በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ይባላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ሐኪሙ አላስፈራራኝም። «ገና ነሽ፤ ግን መንገዱን ጀምረሽዋል» ብቻ አለኝ። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣም ዝም። ታክሲ ውስጥ፣ ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «እኔ ነኝ ያስለመድኩሽ» አለችኝ።

በሽታውን ማለቷ ከሆነ ልክ አይደለችም። የእሷ ዓይነቱ ስኳር በሽታ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዘር አለበት፣ ዕድሜ አለበት፣ ክብደት አለበት፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል አለበት። ጣፋጭ የበላ ሁሉ አይታመምም። የታመመውም ሁሉ ጣፋጭ ወዳድ አልነበረም። ልማዱን ማለቷ ከሆነ ግን ልክ ናት።

በቤታችን ቡና ሲፈላ ስኳሩ ነው ቀድሞ ሲኒው ውስጥ የሚገባው። እማዬ ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ትደረድርና በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ትጨምራለች። ለእንግዳ ሦስት። ከዚያ ከጀበናው ትቀዳለች። ስንት ይሁንልህ፣ ስንት ይሁንልሽ የሚባል ነገር የለም። እኛ ልጆች ቡና አይሰጠንም። ትልልቆቹ ጠጥተው ሲጨርሱ ግን ሲኒው ሥር ያልሟሟ ስኳር ይቀራል። ቡኒ፣ እርጥብ፣ ገና ሞቅ ያለ። ሲኒ ማንሳት የእኔ ሥራ ነበር። ጓዳ እስክደርስ በጣቴ እየጠረግሁ እልሰዋለሁ። ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር። እማዬ ግን ታውቅ ኖሯል። የራሷን ሲኒ ሆነ ብላ ሳታማስል ትጠጣው ነበር፤ ሥሩ እንዲቀርልኝ። ይህን የነገረችኝ ከታክሲው ቀን በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እንዴት «መጥፎ ልማድ» ብሎ ይጠራዋል? እኔ አልቻልኩም። ጣፋጭ ሲያምረኝ ምላሴ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ሆነ ብሎ የተተወልኝን ነገር ነው የሚፈልገው። ይህን ሳልረዳ ስኳርን እንደ ጠላት ልዋጋው ተነስቼ ነበር። ተሸነፍኩ።

የተሸነፍኩት እንዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» አልኩ። ሻይ ያለ ስኳር፣ ማኪያቶ ያለ ስኳር፣ ኬክ የለም፣ ለስላሳ የለም። ዘጠኝ ቀን ጸናሁ። በአሥረኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ልደት ተከበረ። አንድ ቁራጭ በላሁ። ከዚያ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩ። ማታ ቤት ስገባ ለልጄ የገዛሁትን ብስኩት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከመስከረም 1 በፊት ከነበረው የባሱ ነበሩ።

አለን ማርላት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የመጠጥ ሱስ ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ሲያጠና ይህንኑ አይቷል። ሰውየውን መልሶ የሚጥለው ያቺ የቀመሳት አንድ ብርጭቆ አይደለችም። ከብርጭቆዋ በኋላ የሚመጣው «በቃ አበላሸሁት» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ሳነብ ብስኩቱን ይዤ ኩሽና ውስጥ የቆምኩበት ምሽት ትዝ አለኝ። የልደቱ ኬክ አንድ ቁራጭ ነበር። የቀረው በሙሉ የተበላው በንዴት ነው።

ግን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። እኔ ጿሚ ነኝ። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ሳልነካ እጨርሰዋለሁ። ብዙም አይከብደኝም። ቅቤን 55 ቀን የተወ ሰው ስኳርን አሥር ቀን መተው እንዴት ያቅተዋል? ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ጾምን የምጾመው ብቻዬን አይደለም። ብዙው ልኳንዳ ቤት ይዘጋል። ምግብ ቤቱ በያይነቱ ያቀርባል። የቤታችን ድስት ይለወጣል። የምገባበት ቀን ይታወቃል፣ የምፈታበት ቀን ይታወቃል። ከተማው ግማሹን ሥራ ይሠራልኛል። መስከረም 1 ቀን ግን ኬክ ቤቱ በቦታው ነው፣ የስኳሩ ዕቃ በጠረጴዛው ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ቁርጠኝነቴን ብቻ ይዤ ቆሜያለሁ።

(ጾሙ ራሱ ለጣፋጭ መድኃኒት አይደለም፤ ይህንንም በራሴ አይቻለሁ። በጾም ማኪያቶው ሻይ ይሆንና ስኳሩ ይጨምራል። የጾም ኬክ አለ። ሐላዋ አለ። ስኳር የፍስክ ምግብ ስላልሆነ ማንም አይከለክለኝም።)

ስለዚህ ቁርጠኝነቱን ትቼ በዙሪያዬ ያለውን ወደ ማስተካከል ዞርኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት መጻፍ ነው። ለሁለት ሳምንት ምንም ሳልከለክል፣ ጣፋጭ ባማረኝ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የበላሁትን በትንሽ ደብተር ጻፍኩ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ብትሞክሩ ይህን ሞክሩ። እኔ «ቀኑን ሙሉ ያምረኛል» ባይ ነበርኩ። ደብተሩ ግን በቀን ውስጥ ሁለት የታወቁ ሰዓቶችን ብቻ ነው ያሳየኝ። አንደኛው ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል። ሁለተኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ።

የ10 ሰዓቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። አምሮቱ የበረታባቸው ቀኖች ቁርስ ያልበላሁባቸው ወይም ምሳ በዳቦና በሻይ ያለፍኩባቸው ቀኖች ናቸው። ምስር ወጥ ወይም ሽሮ በእንጀራ በደንብ በበላሁባቸው ቀኖች 10 ሰዓት ዝም ብሎ ያልፋል። ይህ ምስጢር የለውም። ነጭ ዳቦና ስኳር ያለበት ሻይ ብቻቸውን ሲገቡ የደም ስኳር ቶሎ ይወጣል። ሰውነት ኢንሱሊን ይለቅና ያወርደዋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ቶሎ ጉልበት የሚሰጠውን ነገር ይፈልጋል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ግን ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) ስላላቸው ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። እኔ ለስድስት ዓመት ጣፋጭ የምለው ነገር አብዛኛው ያልተበላ ምሳ ነበር።

አሁን ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ቂንጬ ወይም እንቁላል እበላለሁ። ጾም ሲሆን ምሳዬን አላሳንስም። መሳቢያዬ ውስጥ ቆሎ አለ፤ ገብስ ከሽምብራና ከለውዝ ጋር። ቆሎ ጥሩነቱ ቶሎ አለመበላቱ ነው። ጥርስ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። 10 ሰዓት ሲሆን አሁንም እነሳለሁ፤ ሰውነቴ መነሳቱን ለምዷል። በሌላኛው በር ወጥቼ ሕንፃውን እዞራለሁ። ማርላት አምሮትን በማዕበል ይመስለዋል። ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። እኔ ሁልጊዜ ከፍ ሲል ነበር የምታዘዘው፤ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። በሰዓቴ ስይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ቀጥሎ ማንኪያው መጣ። አንድ ቅዳሜ የኩሽና ሚዛን አውጥቼ የሻይ ማንኪያዬን መዘንኩ። ደልደል ብሎ 4 ግራም ይይዛል። በቀን ሦስት ሻይና ሁለት ማኪያቶ እጠጣለሁ፤ በየአንዳንዱ ሦስት ማንኪያ። 15 ማንኪያ፣ 60 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ገደማ ማለት ነው። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል፤ 25 ግራም፣ ስድስት ማንኪያ። እኔ ሚልፎዩንና ለስላሳውን ሳልቆጥር በሲኒ ብቻ ከላይኛው ወሰን አልፌ ነበር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ሰባት ስምንት ማንኪያ ስኳር ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼን የማያስማማ ነገር ልናገር። ማር በዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። የተጨመቀ ጁስም አለ። «ማር ነው፣ ምንም አይልም» እያልን ብርዝ በየብርጭቆው እንጠጣለን። ጁስ ቤት ገብተን ስፕሪስ እናዛለን፤ ከላዩ ሽሮፕ ይፈስበታል፤ ጤናማ ነገር የጠጣን መስሎን እንወጣለን። ማንጎውን ልጦ መብላት ሌላ ነው። ማር ለእኔ የተከበረ ነገር ነው፤ መድኃኒትም ሆኖ አድጌበታለሁ። ደም ውስጥ ሲገባ ግን ስኳር ነው።

ስኳሩን በአንድ ቀን አላቆምኩም። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ። ሦስት፣ ሁለት ተኩል፣ ሁለት። ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ ጠንከር አድርጌ ማፍላት ጀመርኩ፤ ሽታው ራሱ ግማሹን ጣፋጭነት ያመጣዋል። ቡናው ላይ ጤና አዳም። ሲኒው ሲሞቅ ቅጠሏ ትለሰልሳለች፣ ሽታዋ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ስኳሩ ባይኖርም አፌ ሥራ አይፈታም። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን አንድ ሰው ቤት በድሮው ልክ የተሠራ ሻይ ቀረበልኝ። ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሃያ ዓመት የጠጣሁት ሻይ ነው።

የሰው ቤቱ ነገር ግን ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ጋ «ስኳር አታድርጉብኝ» ማለት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ «ምነው፣ አመመሽ?» ይመጣል። ስኳር በጠፋበት ጊዜ፣ ሰው ሸማቾች ሱቅ ተሰልፎ አንድ ሁለት ኪሎ በሚያገኝበት ጊዜ፣ እንግዳ ያለ ስኳር ሻይ መስጠት እናቶችን ሲያሸማቅቅ አይቻለሁ። ስለዚህ ስኳር እምቢ ስል የቤቱን ክብር የነካሁ ይመስለኛል። «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ብል ሁሉም በአንዴ ዝም ይላል፤ ግን አልወደድኩትም። አሁን «ለእኔ ግማሽ ማንኪያ፣ እባክሽ» እላለሁ። ግማሽ መቀበል ነው፤ የቤቱ እመቤት እጇን አታጥፍም። ይህ ካገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ ትንሿና የጠቀመችኝ ናት።

አያቴ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው። ልጅ ሆኜ ችግር ያመጣው ይመስለኝና አዝንላት ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ኤች ቪ ኤ በሚባል የሆላንድ ኩባንያ። ከዚያ መተሐራ መጣ፣ ፊንጫ መጣ። እማዬ የተወለደችው በ1949 ነው። ከዘላለም የነበረ የሚመስለኝ፣ በአገር ውስጥ ስኳር የሚጠጣው ቡና ከእናቴ የሚበልጠው በሦስት ዓመት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይህን ሳስብ ትንፋሼ ይሰፋል። ስኳር የሌለበት ቡና የጎደለው ቡና አይደለም። የአያቴ ቡና ነው።

ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ግን አልተፈታልኝም። ይህንን መሸፈን አልፈልግም። በዚያ ሰዓት አልራበኝም፤ እራቴን በልቻለሁ። ልጄ ተኝታለች፣ ዕቃው ታጥቧል፣ የነገው ልብስ ተተኩሷል። ከጠዋት ጀምሮ የእኔ የምለው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። እና እጄ ወደ ቁም ሳጥኑ ይሄዳል፤ ቸኮሌት፣ ደስታ ከረሜላ፣ የተገኘው። ረጅም ቀን የዋለ ሰው ሆነ ብሎ የተተወለትን ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ቆሎ መልስ አይሆንም።

ሁለት ነገር ብቻ ረድቶኛል። አንደኛው እንቅልፍ። እንቅልፍ ሲያንስ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ሌፕቲን ይቀንሳል። በደብተሬም ላይ ታይቷል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተኛሁባቸው ቀኖች ማግስት በአምሮት የተሞላ ነው። ሁለተኛው፣ ቆሜ አልበላም። ቸኮሌት ካማረኝ ሁለት ቁራጭ ሳህን ላይ አደርጋለሁ፣ ቀሪውን መልሼ አስቀምጣለሁ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል እተዋለሁ፣ እቀመጣለሁ። እነዚያ ሁለት ቁራጮች እንደ ሚልፎዩ የመጀመሪያ ሁለት ጉርሻዎች ናቸው። እቀምሳቸዋለሁ። አንዳንድ ምሽት ተነስቼ እጨምራለሁ። እንደ በፊቱ ግን «በቃ አበላሸሁት» ብዬ ሙሉውን አልጨርስም። ጠዋት ቂንጬዬን እበላለሁ።

ስኳር በሽታ ኖሮባችሁ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች፣ ምግባችሁን ከመለወጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የደም ስኳር ድንገት መውረዱም አደገኛ ነው። ተደብቃችሁ ብዙ የምትበሉና በኋላ የምታስመልሱ ካላችሁ ደግሞ፣ ያ የቁርጠኝነት ማነስ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ነገር ነው። ለሚታመን ሰው ተናገሩት።

ከስድስት ወር በኋላ ስለካ 101 ሆነ። እማዬ ቁጥሩን ስነግራት ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ያለ መነጽር አታነብም፣ ግን አየችው።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣለች። እማዬ ሲኒዎቹን ደረደረች። የስኳሩን ዕቃ ከፈተች፣ ማንኪያውን አነሳች፣ እና በአየር ላይ አቆመችው። በ41 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስንት ላድርግልሽ፣ የኔ እናት?» አለችኝ።

«ግማሽ፣ እማዬ።»

ግማሽ አደረገች። የራሷ ሲኒ ውስጥ ምንም አልጨመረችም፤ ጤና አዳሟን ብቻ ጣል አደረገችበት። ጠጥተን ስንጨርስ ልጄ ሲኒዎቹን ለማንሳት ተነሳች። የእማዬን ሲኒ አነሳችና ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። እማዬ እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች፣ ከሰፌዱ ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግና መዳፏ ላይ አፈሰሰችላት።